ለማላውቃቸው ሰዎች መርዶ

ወንድሜ ከሞተ በኋላ ታታሪ ሆነ። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ገጹን የሚከታተሉ ሰዎች ናቸው። በሕይወት ሳለ አንድ ሥራ ለጥፎ ወር ሙሉ ይጠፋ ነበር። አሁን በየሁለት በየሦስት ቀኑ አንድ ነገር ይወጣል። «ዘንድሮ ምን ነካህ? በዚሁ ቀጥል!» ብሎ የጻፈለትም አለ።

የምለጥፈው እኔ ነኝ። ስልኩ እኔ ዘንድ ቀረ፤ የመክፈቻ ቁጥሩን ደግሞ ቤት ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን የድሮ ሥራዎቹን እየፈለግኩ አወጣለሁ። ምንም ቃል አልጨምርበትም። መጻፍ አልሆንልህ ይለኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ድርሰት ፈተና ላይ ግን ሁልጊዜ ሰዓቱ የሚያልቅብኝ መግቢያው ላይ ነበር። ስለዚህ ሥዕሉን ብቻ እለጥፋለሁ። ሰዎች ልብ ሲጫኑ ስልኩ ይንጫጫል። ቤታችን ዝም ካለ ቆይቷል፤ መንጫጫቱን ወደድኩት።

ወንድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ወይም ይበልጠኝ ነበር፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ አላውቅም። ሠዓሊ ነበር፤ ሸራ ወጥሮ የሚስል ዓይነት ግን አይደለም። ኮሚክ ይሠራል፣ ገጸ ባሕርያት ይፈጥራል፣ ለዘፋኞች የአልበምና የነጠላ ዜማ ሽፋን ይስላል። ሥራው የራሱ ነበር፤ ቢሮው ኮልፌ ከእማዬ ሱቅ ጀርባ ያለችው ክፍል ናት። «አለቃ የለኝም» ይል ነበር። ዘፋኞቹ ግን ይህን የሰሙ አይመስለኝም።

ደንበኞቹን የሚያገኛቸው ቤቴል አንድ ካፌ ውስጥ ነው። አንዳንዴ ይዞኝ ይሄዳል። አንድ ቀን አንድ ወጣት ዘፋኝ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሥዕሉን ብዙ ጊዜ አየው።

«አሪፍ ነው ብሮ። ጉንጬን ግን ቀንስልኝ።»

«እሺ።»

«ከኋላዬ ደግሞ አንበሳ አድርግበት።»

«ዘፈኑ ስለ ምን ነበር?»

«ስለ ፍቅር ነዋ!»

ሁሉም አንበሳ ይፈልጋሉ። ስለ ፍቅርም ይሁን፣ ስለ እናት፣ ስለ ሠርግ፣ ከኋላ አንበሳ ይቆማል። ወንድሜ ሲሰለቸው ስለዚሁ ኮሚክ ሠራ። አንበሳው ከአንዱ ሽፋን ወደ ሌላው ሲሮጥ ደክሞት፣ ጎፈሩን በሹራብ ኮፍያ ሸፍኖ ቤቴል የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሟል። «ዓለም ባንክ ሰፈር አንድ ዘፋኝ ጀርባ መቆም አለብኝ፤ እባካችሁ አሳልፉኝ» ይላል። ማንም አያሳልፈውም። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም «ተራህን ጠብቅ፣ እኛም ሥራ አለን» ትለዋለች።

ከሁሉ የተወደደለት ግን ለፋፊው ነው። በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት የእድሩ ለፋፊ በማለዳ ጡሩምባ እየነፋ ይዞራል፤ ማን እንደሞተና ቀብሩ የት እንደሆነ ይናገራል። የወንድሜ ለፋፊ ሁልጊዜ ይሳሳታል። ያልሞተውን ሞተ ይላል። ድንኳን ይተከላል፣ ለቀስተኛው ይሞላል። «ሟቹ» አስኮ ውሎ ሲመለስ ደጁ ላይ ድንኳን ያገኛል። ደንግጦ ይገባል፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይሰጡታል። ግማሹን ከበላ በኋላ ነው አጠገቡ ያለውን ሰው «ማን ነው የሞተው?» ብሎ የሚጠይቀው። ተከታዮቹ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ቢያዩት አይጠግቡትም። ማን ሊሞት እንደሆነ ሳይሆን፣ የሞተው ሰው እንዴት ብሎ እንደሚመለስ ነበር የሚጠብቁት።

ሥዕሉ ቁርጥ የእኛን እድር ለፋፊ ነው። ረጅሙ ካፖርት፣ ወደ ግራ ዘንበል ያለው አንገት። እሳቸውም ያውቁ ነበር። አልተቀየሙም። ቅሬታቸው አንድ ነበር፤ ወንድሜን መንገድ ላይ አስቁመው «ካፖርቴን አሳጥረህብኛል» አሉት።

ወንድሜ ሲሞት የለፈፉለት እሳቸው ናቸው። ኩላሊቱን ታሞ ነበር፤ ብዙም አልቆየ። በዚያ ጠዋት አልተሳሳቱም።

እንግዲህ ሥዕሎቹን እየለጠፍኩ ሳለሁ ከዚያው ጉንጩን ካስቀነሰው ዘፋኝ መልእክት መጣ። «ብሮ፣ አልበም ልጨርስ ነው። ሽፋኑን ካንተ ሌላ ማንም አይሠራልኝም። እንደፈለግክ ሣለው። አንበሳ አይኑርበት።» ወንድሜ ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ዓመት ጠበቀው። ስልኩን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወደ ሱቅ ሄጄ ስለ ዘፋኙም ስለ ገጹ ተከታዮችም ለእማዬ ነገርኳት።

«ምነው፣ እነዚህ ሰዎች አልሰሙም?» አለችኝ።

«አልሰሙም።»

«ስንት ናቸው?»

«ብዙ ሺህ።»

«ብዙ ሺህ ሰው መርዶ ሳይነገረው!» ሚዛኑ ላይ የነበረውን ምስር ትታ ተነሣች። «ምን ይሉናል? ደበቁን አይሉም?»

ልነግራቸው እንደማልችል ላስረዳት ሞከርኩ። እውነቱ፣ «ሞተ» የሚለውን ቃል እኔ በአፌ አውጥቼው አላውቅም። ድንኳኑ ውስጥም ለሚመጣው ሰው ሁሉ ሌሎች ነበሩ የሚናገሩልኝ፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጬ ነበር። እማዬ ይህን አላሰበችም። ወይም አስባለች። የተናገረችው ግን ስለ ሥርዓቱ ነው። መርዶ በማለዳ ይነገራል፣ በሽማግሌ ይነገራል። በስልክ የሚባለው ነገር ራሱ አልጣማትም፤ ግን ሌላ መንገድ አልነበረም። ለፋፊውን አስጠራቻቸው።

«እኔ ሰፈሩን አዳርሻለሁ» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ። «እነዚህኞቹ የት ነው የሚኖሩት?»

«የትም ነው ጋሼ። ገጹ ላይ ነው ያሉት።»

«የትም ሳይኖሩ ስልክ ገዙ?»

«እንደዚያ አይደለም፣ እርስዎ…»

«ተወው፣ ገብቶኛል። ሥራዬ ነው፣ እነግራቸዋለሁ። ያንተ ድርሻ መቅረጽ ብቻ ነው።»

እውነቱን ለመናገር እፎይ አልኩ። እኔ ከመናገር ዳንኩ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ መጡ። ጫማቸውን አስጠርገዋል፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገት ቆልፈዋል። ግቢው መሐል ቆመው ጡሩምባውን ሲነፉ የጎረቤት ውሻ ሁሉ ጮኸ። ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«እዚህም እዚያም ያላችሁ፣ የዚህ ልጅ ሥዕል ወዳጆች! ይህ ሠዓሊ ልጃችን ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል! ቀብሩ ተፈጽሟል! ለቅሶ መድረስ የምትፈልጉ ኮልፌ፣ እናቱ ቤት ኑ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ!»

አንድም ቃል አልተሳሳቱም። ለጠፍኩት። ሦስታችንም ደረጃው ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ለቅሶው በስልኩ በኩል የሚገባ ይመስል።

መጀመሪያ የመጣው ሳቅ ነው።

«ሃሃሃ ለፋፊው በአካል መጣ!» «ካፖርቱ ራሱ! ተዋናዩን ከየት አመጣኸው?» «ዛሬ ደግሞ ራስህን ገደልክ? አንተ ጉደኛ!» «ንፍሮውን ስትበላ ክፍል ሁለት ላይ እንጠብቅሃለን።» ዘፋኙም በሳቅ የሚያነባ ፊት ደርድሮ «በዚህ በኩል አመልጣለሁ እንዳትል፣ ሽፋኔን» ብሎ ጻፈ። ፍርዳቸው ልክ ነበር። እኚህ ሰው ሞተ ያሉት ሰው እንደማይሞት ወንድሜ ራሱ ነው ዓመታት ሙሉ ያስተማራቸው። ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የዚያን ቀን ያህል የታየ የለም።

«ምን አሉ?» አሉኝ ለፋፊው።

«እየሳቁ ነው ጋሼ።»

«በመርዶ?»

እሳቸው አንገታቸውን ይበልጥ ወደ ግራ ዘንበል አድርገው አሰቡ። «ድምፄ አንሶ ይሆን? ልድገመው?»

«አይድገሙት» አለች እማዬ። ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ንገራቸው።»

«ምን ብዬ?»

«እንደሆነው።»

ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። መግቢያ እየፈለግኩ ነበር። መግቢያ የለውም። በመጨረሻ የመጣልኝን ጻፍኩና ልለጥፈው ስል እማዬ እጄን ያዘች።

«አስቀድመህ አንብብልኝ።»

ማንበብ ትችላለች፤ መነጽሯ ሱቅ ነው። ወይም እንዲያ አለች። ድምፄን ጠርጌ ጀመርኩ። «ቀልድ አይደለም። ወንድሜ…» አልኩና ቆምኩ። ለፋፊው ሊያግዙኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ እማዬ በእጇ ከለከለቻቸው። ጠበቁኝ። ውሾቹ መጮኻቸውን አቁመዋል።

«ወንድሜ ሞቷል። ሥዕሎቹን የምለጥፈው እኔ ነበርኩ። ታናሹ ነኝ። መሳል አልችልም።»

«በቃ፣ ላከው» አለች።

ላክሁት። ከዚያ ዘፋኙ «የምር?» አለ። «የምር» አልኩት። ሌላ ምንም አልጻፈም። ቀጥሎ ቪዲዮው ሥር ያሉት ሳቆች አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ። ሰዎቹ አፍረው እያጠፉት ነው። ንፍሮው ጠፋ፣ ተዋናዩ ጠፋ፣ ጉደኛው ጠፋ። ገጹ እያየሁት ባዶ እየሆነ ሄደ። ወንድሜ ሰው ሲስቅለት እንዴት ደስ እንደሚለው እነሱ አላዩትም፤ እኔ ግን አይቻለሁ። የቀረው ሳይጠፋ ፈጥኜ ከሥሩ ጻፍኩ። ሁለተኛው ጽሑፌ ነው፤ ማንም አንብብልኝ አላለኝም።

«እባካችሁ፣ የሳቃችሁትን አታጥፉት።»