ሳይቆሽሽ የታጠበ ማልያ

የመርሳ ከተማን የእግር ኳስ ቡድን ማልያ የማጥበው እኔ ነኝ። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ባያልፍም፣ ጨዋታው እንዴት እንደዋለ ከጭቃው አውቃለሁ። ልጆቻችን አጫጭሮች ናቸው። ኳስ መሬት ለመሬት እየተቀባበሉ፣ እየወደቁ እየተነሱ ነው የሚጫወቱት። መሀል ሜዳ የሚጫወተው የልጅ ልጄ ማልያማ ሁለቴ ካልተዘፈዘፈ አይለቅም ነበር።

አምና አዲስ አሠልጣኝ መጣ። ኳስ ከኋላ በረጅሙ ይለጋ፣ ፊት ያለው በጭንቅላቱ ይግጨው አለ። የኛዎቹ ቢዘሉም አይደርሱባትም፤ በላያቸው ስታልፍ አንጋጠው ያያሉ። ስንሸነፍ ከረምን።

አንድ ቀን የታጠበውን ማልያ ተሸክሜ ልምምድ ላይ ደረስኩ።

«ልጄ፣ መቀናጆ ታውቃለህ?» አልኩት አሠልጣኙን። «አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች አጣምረው ያርሳሉ። ታዲያ ቀንበር ለበሬው ይጠረባል እንጂ በሬ ለቀንበር አይጠረብም።»

«እማማ፣ የእርስዎ በሬ ጎል ያገባል?»

ልጆቹ ሳቁ። የልጅ ልጄ የጫማውን ክር ማሰር ያዘ።

«ዕቅዴ የአምስት ዓመት ነው» አለኝ። «ረጃጅሞች ከወልድያም ከሌላም አመጣለሁ።»

«እነዚህስ?»

«እስከዚያ ይሞክራሉ።»

«በአምስት ዓመት የኔው ሠላሳ ሊሞላው ነው። ለማን ነው የምታቅደው?»

«ለክለቡ ነዋ!»

«ክለቡ ማነው? እነዚህ አይደሉም?»

ፊሽካውን ነፋ። የክለቡ ኮሚቴ ሰብሳቢ ቤት ሄድኩ። የዕድሜ እኩያዬ ነው፤ «አንቺ ሴት፣ ባለሙያ ነው ብለን አመጣነው፣ አሁን ምን እንበለው? ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ» ብሎ ሸኘኝ።

ረጃጅሞቹ መጡ። ከልጅ ልጄ ጋር ሲቀባበሉ ካደጉት አንዱ ሐራ ገበያ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ፤ ሌላው ኳስ ተወ። የኔው ግን አልተወም፤ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ባለፈው እሑድ ከጨዋታ ሲመለስ ማልያውን ሰጠኝ። ገልብጬ አየሁት፤ ላብ እንኳ የለውም።

«ይሄ እኮ አልቆሸሸም» አልኩ ሳላስበው።

«እማ፣ ከሌሎቹ ጋር እጠቢልኝ» አለ። «አጥሩ ላይ ሲሰጣ ቁጥሬ ቢጎድል ሰው ያያል።»

ከጭቃማዎቹ ጋር አንድ ላይ ዘፈዘፍኩት።