የአምስተኛው ጉድጓድ ጉብታ

የጎልፍ ሜዳው ሠራተኞች «ጋሽ ጉድጓድ» ይሏቸዋል። ሥራቸው በየማለዳው ኳስ የሚገባበትን ጉድጓድ ከትናንት ቦታው ደፍነው ሌላ ቦታ መቁረጥ ነው። በሠላሳ ዓመት አንድም ቀን ኳስ መትተው አያውቁም።

በአምስተኛው ጉድጓድ መደብ መካከል ጉብታ አለች። ድሮ ሜዳው እንደ መዳፍ ለጥ ያለ ነበር፤ እሳቸውና ባለቤታቸው ናቸው አፈር በቅርጫት አመላልሰው የከመሯት። ሚስት ላቧን እየጠረገች ታንጎራጉር ነበር፦

ጋራ የለም ብለህ አታብዛብኝ ሰበብ፣
እኔ ከምሬያለሁ ጫፉ ድረስ ቅረብ።

እሳቸው ግን «ሥራ አለብኝ» እያሉ አንድም ቀን ጫፏ ላይ አልወጡም። አሁን እሷ አፈር ለብሳለች፣ ጉብታዋ ሣር ለብሳለች።

ትናንት ሥራ አስኪያጁ፣ «ጉብታዋ ትናድ ወይስ ትቆይ፣ ነገ ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ተጫውተው ይወስናሉ» አላቸው። ሁለቱ እሳትና ውኃ ናቸው። ለሐኪሙ ጥሩ ሜዳ ማለት በላብ የሚያጠምቅ ነው፤ ለጡረተኛዋ መምህርት የነፍስ ማረፊያ። እሷ ጉብታዋን ጠላቴ ትላለች፣ እሱ ጓደኛዬ።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌው ጤዛው ላይ ቆመው ጉብታዋን አዩ፣ አዩ። ሁልጊዜ ከጀርባዋ የሚቆርጡትን ጉድጓድ ዛሬ ከፊቷ፣ ከግርጌዋ ቆረጡት።

ረፋዱ ላይ ሁለቱ ደረሱ፤ መምህርቷ መታች። ኳሷ እንደ ልማዷ ጉድጓዱን አልፋ ሄደች፤ ጉብታዋ ላይ ወጣች፤ ትንፋሽ የምትሰበስብ ይመስል ቆም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ተንከባልላ ጉድጓዱ ውስጥ ጠብ።

«እልልል! አየህልኝ ዶክተር? እቺን ጉብታ የነካ ወዮለት!»

«ይቺማ ጉብታ ሳትሆን ሞግዚት ናት! እሹሩሩ ብቻ ቀራት። ትናድ!» አለ ሐኪሙ።

«ትናንት ጠበቃዋ አንተ አልነበርክም እንዴ?»

«ትናንት እንዲህ መች አሞላቀቀችሽ!»

ሁለቱም ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «እስቲ ጋሼ ይፍረዱን። የቱ ነው ጥሩ ሜዳ?»

ሽማግሌው የጉድጓድ መቁረጫቸውን አነሱ። «እኔ ምን አውቄ... ብቻ ነገ ጉድጓዱን ወደ ማዶ እወስደዋለሁ።»

የሐኪሙ ዓይን በራ። «ኳሱ ጉብታዋን ዘልሎ?»

«እሷን ዘልሎ።»

«እንግዲያ ትቆይ!»

«ከነገ ወዲያስ?» አለች መምህርቷ።

«ከነገ ወዲያ ወደ ግርጌዋ እመልስልዎታለሁ፣ እትዬ።»

«በል ዶክተር፣ የኔ ቀን ከነገ ወዲያ ነው! ትቆይ!»

ሁለቱ እየተጨቃጨቁ ወደ ስድስተኛው ሲያልፉ ሽማግሌው መቁረጫቸውን መሬት ጣሉ። ጉልበታቸውን ይዘው፣ ሰበብ ሳያበዙ፣ ጫፏ ድረስ ወጡ።