ያጠፋሁት የጎርፍ ምልክት

ዐረብ አገር፣ አቡ ዓሪሽ ከተማ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የጽዳት ሥራ የጀመርኩት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። በመጀመሪያው ቀን ዋና ነርሷ፣ ሲስተር ነፊሳ፣ ባልዲ፣ ብሩሽና የውሃ መግፊያ አስረከበችኝ። ሱዳናዊት ናት፤ ቃል አታባክንም።

«ከመድኃኒት መጋዘኑ ጀምሪ» አለችኝ።

መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ መስመር ነበር። ቆሻሻ መሰለኝ። በረኪና በጥብጬ እስኪጠፋ ድረስ ፈገፈግሁት። ሲስተር ነፊሳ ከበር ላይ ወለሉን አይታ «ማሻአላህ» አለች። ደስ አለኝ።

ከሰዓት ዘበኛው ጋሽ ሰይድ ገቡ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ቀድሞ አጠገባችን ባለችው አሐድ አል-መሳርሐ ከተማ ከብት ይጠብቁ ነበር። ግድግዳውን አይተው ራሳቸውን ያዙ።

«አንቺ እህቴ፣ መስመሩ የት ሄደ?»

«አጸዳሁት።»

«ወላሂ ጉድ ነው! ያለፈው ጎርፍ የደረሰበት እኮ ነው! ማንም እንዳይነካው ስንት ጊዜ ለፍልፌያለሁ!»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«በመጀመሪያ ቀኗ እንዲህ የምትፈገፍግ ሴት አይቼ አላውቅማ!»

እሳቸው ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። ከተራራው የሚወርደው ደረቅ ወንዝ፣ ሰዉ ዋዲ የሚለው፣ በዚያ ጎርፍ ሞልቶ መጋዘኑ እንደገባና መድኃኒቱ ሁሉ እንደተበላሸ ነገሩኝ። ጎርፉ የዘጋው መንገድ እስኪከፈት ሕመምተኛው ያለ መድኃኒት ቆይቷል።

ዝናብ ከመግባቱ በፊት ከማዘጋጃ ቤት አንድ መሐንዲስ መጣ። ከተማው ለጎርፍ እንዲዘጋጅ እቅድ ያወጣል። የመድኃኒት መደርደሪያው ምን ያህል ከፍ ይበል? ማወቅ የፈለገው ይህን ነበር።

«ውሃው የት ደርሶ ነበር?» አለ።

«መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ምልክት አለ» አለች ሲስተር ነፊሳ።

ገባን። ግድግዳው ነጭ ነው። ጋሽ ሰይድ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ኸላስ፣ ሥራዬ አለቀ አልኩ በልቤ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ።

መሐንዲሱ ወደ እኔ ዞረ። «ቁመቱን ታስታውሻለሽ?»

ስፈገፍግ ጎንበስ አላልኩም፤ ክንዴንም ከፍ አላደረግሁም። ብሩሹን ይዤ እንደዚያን ቀን ቆምኩና ግድግዳው ላይ አሳረፍኩት። ጋሽ ሰይድም ከጎኔ ቆሙ። መስመሩ ከጎን ኪሳቸው አፍ ጥቂት ከፍ ይል እንደነበር ያስታውሳሉ፤ እጃቸውን እዚያው ላይ ለጠፉ። ልዩነታችን ሁለት ጣት ነበር።

መሐንዲሱ በሜትር ለክቶ ሳቀ። «በዚህ ከተማ የጎርፍ መለኪያው ሐበሻ ነው» አለ።

ልቤ ሲመለስ አንድ ነገር ጨመርኩ። «ውሃው የሚገባው በኋላ በር ነው። በየቀኑ ወለሉን ሳጥብ ወደ ውጭ እገፋዋለሁ፤ እሱ ወደ መጋዘኑ ይመለሳል።»

«አሳዪኝ።»

በሩ ሥር አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁ። ውሃው ኮሪደሩን ይዞ መጣና የመሐንዲሱን ጫማ ዞሮ መጋዘን ገባ።

መድኃኒቱ ወለሉ ከፍ ወዳለበት የፊት ክፍል ተዛወረ፤ መደርደሪያው ከመስመሩ ስንዝር ከፍ ብሎ ተመታ። የኋላው በር ደፍ ከፍ ተደርጎ በሲሚንቶ ተገነባ። ጋሽ ሰይድ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ልኬቱን በቀይ የዘይት ቀለም አሰመሩ። ከጎኑ በዐረብኛና በአማርኛ «አይጸዳም» ብዬ ጻፍኩ።

በቀጣዩ ዓመት ዋዲው በቀትር ወረደ። ደፉን አልፎ ጉልበት ድረስ ገባ። አንድም የመድኃኒት ሳጥን አልረጠበም፤ መድኃኒት የሚመጣበት የሳብያ ከተማ መንገድ ተዘግቶ በነበረባቸው ቀናትም ማንም መድኃኒት አጥቶ አልተመለሰም።

ውሃው ሲሸሽ ሲስተር ነፊሳ «ያላ፣ ባልዲሽን አምጪ» አለችኝ። ከቀዩ መስመር በታች አዲስ የጭቃ መስመር ነበር። ብሩሹን አነሳሁና ወደ ጋሽ ሰይድ ዞርኩ።

«ይሄንንስ?»

«እንዳትነኪው!» ብለው ጮኹ። ያን ቀን እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አዳዲስ ጽዳት ሠራተኞች አሠልጥኛለሁ። የበረኪናውን መጠን የማሳያቸው ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ የምነግራቸው፣ ግድግዳ ላይ ያለ ምልክት ከመጥፋቱ በፊት ለምን እንዳለ ዘበኛውን እንዲጠይቁ ነው።