ዲሬክተሩ የናቋት ፓምፕ

ነገሩ የሆነው ከአብዮቱ ሦስት ወይም አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ያኔ አምቦ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ረዳት ነበርኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርቼ ብዙውን ረስቻለሁ። ይህ ግን አልተረሳኝም፤ "እልኸኛ" የሚለው ስም የወጣልኝ ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ላቦራቶሪያችን ውስጥ አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ የተወው ትልቅ የመስታወት ገንዳ ነበር። ሰው ቢጋደምበት ይበቃዋል። ከታች አሸዋና ጠጠር፣ በላዩ ከጊንጪ ወዲያ ከአዋሽ ዳር ነቅለን ያመጣናቸው የውሃ ተክሎች፣ በመካከላቸው ደግሞ ጣት የማያህሉ ዓሣዎች። ቅጠሎቹ ብርሃን ሲያገኙ የሚያወጧቸውን ትንንሽ አረፋዎች ለማየት ተማሪዎቹ ይጋፉ ነበር። ተክል ኦክስጅን እንደሚያወጣ እስከዚያ ድረስ የሚያውቁት ከደብተራቸው ብቻ ነው።

ችግሩ ውሃው አለመንቀሳቀሱ ነበር። በአንደኛው ጫፍ አረንጓዴ ልጋግ ይዞ መሽተት ጀመረ። ዓሣዎቹ ጠዋት ጠዋት በሌላኛው ጫፍ ተሰብስበው አፋቸውን ወደ ላይ ይከፍታሉ። ውሃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያዞር ፓምፕ ያስፈልግ ነበር።

ዲሬክተራችን አቶ ሽፈራው ከአዲስ አበባ ገዝቼ እንድመጣ ላኩኝ። የሰጡኝ ወረቀት "ጉልበት ያለው ትልቅ ፓምፕ" ይላል። እኔ ደግሞ ከገንዳው ሁለት ዘለላ ተክል ቆርጬ፣ ውሃ ባለው ጠርሙስ ከትቼ ይዤ ሄድኩ።

ባለሱቁ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ፓምፕ አወጣልኝ። "በሳፋ ውሃ ሞክርልኝ" አልኩት። ትልቁን ሲያስነሳው ውሃው ከሳፋው ዘልሎ መደርደሪያውን አራሰው፤ የያዝኩት ዘለላም ቅጠሉ ተበጣጥሶ ግንዱ ብቻ እጄ ላይ ቀረ። ትንሿ ስትነሳ ድምጿ እንኳ በደንብ አይሰማም። ሁለተኛውን ዘለላ ፊቷ ያዝኩት። ነፋስ እንደነካው ሣር ቀስ እያለ ተወዛወዘ። ውሃው ላይ የጣልኩት ገለባ ግን ሳፋውን ዞሮ ተመልሶ መጣ።

"ወረቀትሽ እኮ ትልቁን ነው የሚለው" አለኝ ባለሱቁ።

"ወረቀቱን የጻፉት ሰው ይህን አላዩም" አልኩትና ትንሿን ገዛሁ።

ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ኦቦ ዲንቃ የሚባሉ የጊንጪ ወፍጮ ጠጋኝ ነበሩ። "አካም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ?" ብለው እንደ ልጃቸው ሰላም አሉኝና ጭኔ ላይ ያለችውን ፓምፕ አገላብጠው አዩ። "ይቺ ማሳ አታጠጣም" ብለው ሳቁ። ስለ ዓሣዎቹ ስነግራቸው ሳቃቸውን አቆሙ። ከመሣሪያ ሣጥናቸው ቁራጭ የሽቦ ወንፊት አውጥተው በመቀስ ቆረጡና ፓምፗ ውሃ የምትስብበት አፍ ላይ ጠመጠሙልኝ። "እንዲህ ካልሆነ አንድ በአንድ ትውጣቸዋለች። በርቺ" ብለውኝ ጊንጪ ላይ ወረዱ።

ፓምፗን በማግስቱ ገጠምኳት። በሦስተኛው ቀን ሽታው ጠፋ፤ ዓሣዎቹም በገንዳው ሁሉ ተበተኑ።

አቶ ሽፈራው ሊያዩ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ገንዳውን ዞሩት።

"ይህ ምንድን ነው? ነገ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። ውሃው ሲንፎለፎል ማየት አለባቸው።"

"ከተንፎለፎለ ተክሎቹ ይነቀላሉ። ሞክሬ አይቼዋለሁ።"

"አስካለ፣ አንቺ ረዳት ነሽ። ጠዋት የአትክልት ቦታው ፓምፕ ይገባል፤ አለቀ።"

የአትክልት ቦታው ፓምፕ ከወንዝ ውሃ ስቦ ዳገት የሚያወጣ ነው። ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩና ላቦራቶሪውን ቆልፌ ቁልፉን ጋውኔ ኪስ ከተትኩ። ሁለት ሠራተኞች ፓምፑን ተሸክመው ሲመጡ በሩ ላይ ቆሜ አገኙኝ። ሸክማቸውን አወረዱ። ትንሽ ቆይቶ አቶ ሽፈራው መጡ።

"ክፈቺ!"

"ለእንግዶቹ እከፍታለሁ። ለዚህ ግን አልከፍትም።"

"ከሥራ እንደማባርርሽ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

ከበሩ ፈቀቅ አላልኩም። እንዲህ ተፋጥጠን ሳለ እንግዶቹ ከኮሪደሩ ጫፍ ብቅ አሉ። እኔም በሩን ከፈትኩላቸው።

ከመካከላቸው አንድ ሽበታም ሰው ገንዳውን ጎንበስ ብለው አዩና "ውሃው የቆመ ነው እንዴ?" አሉ። የአቶ ሽፈራው ዓይን እኔ ላይ ነው። የደረቀ ዳቦ ፈርፍሬ ውሃው ላይ በተንኩ። ፍርፋሪው ተንሳፍፎ ተጓዘ፤ በተክሎቹ መካከል አልፎ ጫፍ ደረሰ፤ ዞሮም ተመለሰ። ሰውየው በመስታወቱ ላይ በጣታቸው ተከተሉት።

"ማን መረጠው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ጥሩ ነው" ብለው ወደ ሌላው ክፍል አለፉ። ሌላ ምስጋናም ሽልማትም አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን አቶ ሽፈራው ቢሯቸው ጠርተው የተተየበ ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ። "ትዕዛዝ ጥሻለሁ፤ በፈጸምኩት ጥፋት ተጸጽቻለሁ" ይላል።

"ፈርሚና እንርሳው" አሉኝ።

"ትዕዛዝ መጣሴን እፈርማለሁ። ጥፋት የሚለውንና ተጸጽቻለሁ የሚለውን ይሰርዙልኝ።"

አልሰረዙም፤ እኔም አልፈረምኩም። በወሩ ጎጆ በምትባል የደጋ ከተማ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣ መንገዱ በክረምት የሚቆረጥ፣ ላቦራቶሪ የሚባል ነገር ያልነበረው ቦታ ነው። እናቴ "ምን ነበረበት ብትፈርሚ?" እያለች አለቀሰች። እኔም ሌሊት በብርድ ስንቀጠቀጥ ይህንኑ ራሴን የጠየቅሁበት ጊዜ አልጠፋም፤ ውሸት አልናገርም።

ከሄድኩ በኋላ የአትክልት ቦታውን ፓምፕ አስገቡት። ተሸክመውት ከመጡት ሠራተኞች አንዱ ጎጆ ድንች ሊገዛ መጥቶ ነገረኝ። በመጀመሪያው ቀን ተክሎቹ ከነሥራቸው ተንሳፈፉ። በሳምንቱ አንድም ዓሣ አልተረፈም፤ ገንዳውንም አድርቀው ወረቀት ማስቀመጫ አደረጉት። "አላልኩም?" ብዬ የምደሰት መስሎኝ ነበር። ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ጊንጪ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ከአቶ ሽፈራው ጋር ተገናኘን። አርጅተው ታዩኝ። ሰላም ተባባልን፤ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ አወራን። ሊለዩኝ ሲሉ "ያን ጊዜ ብትፈርሚ ኖሮ እኮ ዛሬ አምቦ ነበርሽ" አሉኝ።

"ብፈርም ኖሮ ዓሣዎቹ ይተርፉ ነበር?" አልኳቸው።

አንገታቸውን አቀረቀሩ። አውቶቡሴ ደርሶ ነበርና ተሳፈርኩ።

ዛሬ ሳስበው ቂም የለኝም። ልጆቼ "እማዬ፣ ለጣት ለማታህል ዓሣ ብለሽ?" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ያ ወረቀት ዛሬም ፊቴ ቢቀርብ አልፈርመውም።