ፀጉሩ የማይደርቀው ሰውዬ

በየዓመቱ የበጋ መግቢያ ዕለት ሬይካቪክ ዳርቻ እሳት አንድደን ለጥንት አማልክታችን ስንሰባሰብ፣ ስሙን ጠይቀነው የማናውቅ አንድ ሰውዬ ፀጉሩ ውሃ እያንጠባጠበ ይመጣል። ክርኑ ላይ በቀይ ክር የተጣፈ ግራጫ ሹራቡን ለብሶ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ከሁላችንም ጀርባ ይቆማል።

የዛሬ ሦስት ዓመት ስንሳል የምንጨብጠውን የመሐላ አምባር ጨብጦ፣ «የነጎድጓዱ አምላክ ቶር ሆይ፣ ወንድሜ እስኪያናግረኝ ድረስ በየማለዳው ባሕር እገባለሁ» ብሎ ተሳለ።

ሥርዓቱን የምትመራው ቶርዲስ ከት ብላ ሳቀች። «አንተ ሰው፣ ስእለት በራስ ሥራ ነው እንጂ በሰው ኩርፊያ ይሳላል? በረዶ ሆነህ ልትቀር እኮ ነው!»

«ምን ላድርግ ቶርዲስ፣ አንዴ ከአፌ አመለጠኝ። ቶር ደግሞ የሰማውን አይረሳም» አለና አብሯት ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ፀጉሩ ደርቆ አይተነው አናውቅም።

ዘንድሮ ግን ሁለት ሆነው መጡ። የሁለተኛው ጎራዳ አፍንጫ ቁርጥ የሰውዬው ነው፤ ከፀጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ቶርዲስ ትኩስ ሾርባ ስታቀብለው በጣቱ ወደ ሰውዬው እየጠቆመ ስሞታውን አሰማ፦

«ውሃው ለብ ያለ ነው ብሎ አታለለኝ እኮ!»