ጥርባ ላይ የሚያንኳኳው

ከመኪና የኋላ ማርሽ ቤት፣ ከዲፈረንሻሉ፣ የወጣ አሮጌ ዘይት ምን እንደሚሸት የማያውቅ ሰው፣ የበሰበሰ ሽንኩርትና የክብሪት ጭስ አንድ ላይ ያስብ። ባለፈው ሳምንት እንጅባራ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ዘይቱ ጭቃው ላይ ፈስሶ ነበር። የፈተና ወረቀት እንደታቀፍኩ ደርቄ ቀረሁ። ተማሪዎቼ መምህርታቸውን ምን እንዳስደነገጣት አልገባቸውም።

ነገሩን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። አባቴ ዳንግላ የታወቀ ሾፌር ነው፤ ከጥርባ ወዲያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ከሰልና ድንች እየጫነ ወደ ዳንግላ ያመላልስ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አብሮት የሠራ ረዳት ነበረው። አባቴ ከአማርኛ ሌላ ስለማያውቅ፣ ከገበሬው ጋር በአዊኛ የሚነጋገርለትም፣ የሚቀልድለትም ረዳቱ ነበር። የረዳቱ ቤት ጥርባ ላይ አቀበቱ ከሚያልቅበት ጠምዛዛ አጠገብ ነው። ሥራ ሲያበቃ ከጭነቱ ጀርባ ተቀምጦ ይመጣና፣ ጠምዛዛው ጋ ሲደርስ የኋላውን ብረት በዱላው ሁለቴ ይመታል። ጭነት ላይ የተቀመጠ ሰው ቢጮህ ድምፁን ነፋስ ይበላዋል፤ ስለዚህ በእኛ መንገድ ሁለቴ መምታት «ያዝ፣ ወራጅ አለ» ማለት ነው። አባቴ ይቆማል፣ ረዳቱ ይወርዳል።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ ረዳቱ ሦስት ቀን ታሞ ሞተ። አባቴ ጭነት ይዞ ሩቅ አገር ሄዶ ነበር፤ ኔትወርክም አልነበረም። ሲመለስ እንኳን ቀብሩ፣ ሣልስቱም አልፏል። ማንም አልወቀሰውም። እሱ ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ በር አጠገብ ብቻ ተቀምጦ ወጣ።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ማንኳኳት ጀመረች።

«አባትሽ ብቻውን ያወራል፤ ውጤትሽ እስኪመጣ አብረሽው ሂጂ» አለችኝ እናቴ። ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ ጉሙ አልተነሣም ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የከሰል ክምሮች አፈር ለብሰው ይጨሳሉ፤ ጭሱ የት አልቆ ጉሙ የት እንደሚጀምር አይለይም። ድንቹ ላይ ሁለት ገበያተኛ ሴቶች ተቀምጠዋል። ጠምዛዛው ጋ ስንደርስ ከኋላ «ጓ… ጓ» አለ። ሁለቴ። ብረት በብረት የተመታ ያህል።

አባቴ ቆመ። የወረደ የለም።

«ማን ነው ወራጅ?» ብዬ በመስኮት ጮህኩ።

«እኛ አልመታንም!» አለች አንደኛዋ። ሌላዋ ቀድሞም ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባለች፤ «በሥላሴ ይዤሃለሁ ሾፌር፣ ንዳው! እዚህስ አታቁመን!»

ሴቶቹ ገበያ ውስጥ አወሩት መሰለኝ፣ በሚቀጥለው ጉዞ ጭነቱ ላይ የሚወጣ ሰው ጠፋ። ከጭነቱ ላይ ሰው አልነበረም፤ ይኸን በዓይኔ አረጋግጫለሁ። ጠምዛዛው ጋ «ጓ… ጓ» አለ። አባቴ መኪናዋን አቆመ፣ በሩን ከፈተ፣ ወደ ጭነቱ አንጋጦ በለሆሳስ፣

«ውረድ እንግዲህ፤ ደርሰሃል» አለ።

አንድ ሰው ከጭነት ላይ ለመውረድ የሚፈጅበትን ያህል ጠበቀ። ከዚያ በሩን ዘጋ።

«አባዬ፣ መካኒክ ይያት።»

«ምኗን? መኪናዋ ምንም አልሆነችም።»

እኔ ግን ፊዚክስ የምወድ ልጅ ነበርኩ። የማርሽ ጥርሶች ሲበሉ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፤ ኃይሉ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ጥርሶቹ ይጋጫሉ። ዛሬም ክፍል ውስጥ እንዲህ እያልኩ ሳስረዳ አንዳንዴ መሐል ላይ ዝም እላለሁ። ያኔ ዝም ማለት አላውቅም ነበር። ድምፁ ከጉድጓድ ጋር እንደማይመጣ ስላስተዋልኩ ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራ አይደለም አልኩ። እንደተበላ የጎማ ኩሽኔታ ያለማቋረጥ አይጮህም። ታዲያ ለምን እዚያ ቦታ ብቻ? መንገዱን ማየት ትቼ የአባቴን እግር ማየት ጀመርኩ።

አባቴ ለስላሳ ነጂ ነው፤ ነዳጅ መስጫውን ሲለቅ እንኳ አይታወቅም። ጠምዛዛው ጋ ግን፣ አቀበቱን ሲጎትት ቆይቶ፣ እግሩ በድንገት ተነሣ። «ጓ!» ወዲያው መልሶ ረገጠ። «ጓ!» ፍሬን የያዘው ከዚያ በኋላ ነው። እግሩ መቆሚያውን አሥራ አንድ ዓመት ተምሮታል፤ እሱ ግን አያውቅም።

ነገርኩት። በጎን መስተዋቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ጭነቱ አየ።

«እሱ አልጠራኝም ማለት ነው?»

«አልጠራህም አባዬ! እግርህ ነው» አልኩ፤ ደስ ብሎኝ።

ዳንግላ ስንደርስ መኪናዋን መካኒክ ጋ ወሰዳት። መካኒኩ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አገደ፣ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አነሣና በእጁ አወዛወዘው። ወደፊት ጓ፣ ወደኋላ ጓ። ዘይቱን ሲያፈስሰው ያ ሽታ ግቢውን ሞላው፤ በጥቁሩ ውስጥ የብረት ብናኝ ያብለጨልጭ ነበር።

«ይኸውልህ መንፈስህ!» አለ መካኒኩ። «የዲፈረንሻሉ ጥርስ አልቋል። ትንሽ ብትቆይ ቁልቁለት ላይ ተሰብሮ ጎማው ይታሰር ነበር፤ ያን ጊዜ አንተም ልጅህም ከረዳትህ ጎን ናችሁ። ይቺን መሐንዲስ ከየት አመጣሃት?»

ኮራሁ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ራሱ ያዘ። ጓ… ጓ። ደግሞ፣ ጓ… ጓ። መካኒኩ «በቃህ፣ ልፍታው» እስኪለው ድረስ አልለቀቀም።

ማርሾቹ ተቀየሩ። በሦስተኛው ቀን ከሰል ጭነን ስንመለስ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ጠምዛዛው ጋ ስንደርስ የአባቴ እግር እንደ ልማዱ ተነሣ።

ምንም አልተሰማም።

መኪናዋ ዝግ አለች። አባቴ ጭንቅላቱን ትንሽ ወደ ኋላ አዘነበለ። ነዳጅ መስጫውን ረገጠ፣ በድንገት ለቀቀ። ጠበቀ። ደግሞ ረገጠ፣ ደግሞ ለቀቀ፤ አሁን በኃይል፣ መኪናዋ እስክትንገጫገጭ።

እያየሁት መሆኔን እንዳያውቅ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።