ደጁ ላይ ያለው ድንጋይ

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ያለውን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን የሚያስጎበኘኝ ወጣት፣ ደጁ ላይ ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆሞ ስለ ዓምዶቹ ያስረዳኛል። የጧፉ ሽታ ሲመጣብኝ አያቴ ትዝ አሉኝ።

በልጅነቴ ጫማዬን አስወልቀው ይኸንኑ ደጅ ሲያሳዩኝ፣ ድንጋዩን ዞረው አለፉ።

«አትርገጪው ልጄ፤ በክፉ ቀን የሞተች እህቴ አለችበት። የክርስትና ስሟን ያዢልኝ። እኔ ሳልፍ ለቄሱ የምትነግሪው አንቺ ነሽ፤ ያለሱ በጸሎት አትታሰብም» አሉና ሦስቴ አስደገሙኝ።

«እባክህ ውረድ፣ ሰው አለበት» አልኩት ወጣቱን።

ደንግጦ ወረደ። «ማን ናቸው?»

«እማዋይሽ ትባላለች።»

በሩ ላይ የቆሙት ቄስ ሰሙኝ። «የክርስትና ስሟስ?»

አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልመጣልኝም። አያቴ ሦስቴ ነበር ያስደገሙኝ።